ታዳጊዋ

ደብዳቤው «በሕፃናት ኤች አይ ቪ ላይ ለሚሠሩ ታዳጊ መሪዎች የተዘጋጀ የገንዘብ ድጋፍ» ይላል። ጥሪው ከውጭ አገር የመጣ ነው። ተርጓሚው ገና ብቅ ብቅ የሚሉ መሪዎች ለማለት ፈልጎ ታዳጊ ብሏቸው አረፈ። ኃላፊያችን ደግሞ ታዳጊ የምትለዋን ቃል ብቻ አይቶ ለትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ መራው። እዚያ ከርሞ ከርሞ፣ የክበቡ ተጠሪ መምህር እየሳቀ ወደ እኔ ሲያመጣው ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጤና ጣቢያው ውስጥ «ታዳጊዋ» ሆኜ ቀረሁ።

ቅጹ ላይ «በግልዎ የመሩት ለውጥ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። የሰኞን ነገር ጻፍሁ።

የሰኞ ነገር የእታለም ነው። እታለም የምንላት ራሷ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር፣ በእናቶችና ሕፃናት ክፍላችን እናቶችን የምታማክር ሴት ናት፤ ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ጤና ጣቢያችን ከባቲ ብዙ አይርቅም። ሰኞ አገሩ ሁሉ ወደ ገበያ ይወርዳል። እኛ ግን ቫይረሱ ይዟቸው እንደሆነ ለማወቅ ከሕፃናቱ ተረከዝ ደም ወስደን ወረቀት ካርድ ላይ የምናንጠባጥበው ሐሙስ ነበር፤ ናሙናው የሚላከው ዓርብ ነዋ። ስድስት ሳምንት የሞላው ሕፃን ለሐሙስ ይቀጠራል፣ እናትየው ትቀራለች፣ እኛም መዝገቡ ላይ «ከክትትል የጠፋች» ብለን በቀይ እንጽፋለን። ስልክ ብንደውል የሚያነሳው ባል ነው። ባል ሲያነሳ ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ብሎ መዝጋት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ቀን የጠፉትን ስቆጥር እታለም አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ጠፋች ትያለሽ እንዴ? ትናንት በርበሬ ስትሸጥ አይቻታለሁ» አለችኝ። «ሐሙስ ከቤት ብትወጣ አማቷ ‹ወዴት ነው?› ትላታለች። ሰኞ ማን ይጠይቃታል?»

ተናደድሁ። ሐሙስ የኔ ቀን ነበር፤ የያዝሁት እኔ፣ በር ላይ የለጠፍሁት እኔ። ስለ ናሙና አላላክ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋት። ታግሣ አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ ካርዱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይበላሻል?» አለች።

አይበላሽም። አምስቱ ክቦች በደም በደንብ ከሞሉ፣ ፀሐይም እሳትም ሳይነካው ጥላ ውስጥ አድሮ ከደረቀ፣ እርጥበት ከሚመጥጠው ከረጢት ጋር ከታሸገ ለሳምንታት ይቆያል። (አንድ ክረምት ካርዱ አልደርቅ ቢለው ከቡና ከሰል አጠገብ የደረደረ ባልደረባ ነበረን፤ አሁን ስለ ናሙና አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል።) ሐሙስን ሐሙስ ያደረገው ልማድ ብቻ ነበር።

ሰኞ አደረግነው። እታለም ከከብት ተራው ማዶ ጀበናዋን ጥዳ ትቀመጣለች። እናቶቹ ቡና እንደሚጠጣ ሰው ጎራ ይላሉ፤ ከዚያ ሕፃኑን ለክትባት ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ስድስተኛው ሳምንት የክትባትም ሳምንት ስለሆነ ውሸት እንኳን አላስፈለገንም። ይህን ያህል መጣደፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፦ የተለመደው ፈጣን ምርመራ ሕፃኑ አሥራ ስምንት ወር እስኪሞላው ድረስ በደሙ ውስጥ የቀረውን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል እያነበበ ሊያሳስት ይችላል። ቫይረሱ ይዟቸው ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን አያዩም። ያቺ ካርድ ናት ያለችን።

ለቃለ መጠይቁ ኮምቦልቻ ወርደን አንድ ሆቴል ውስጥ ከኮምፒውተር ፊት ተቀመጥሁ። እታለምም «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ተከትላኝ መጥታ ከውጭ በረንዳው ላይ ነበረች። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ባሕር ማዶ፣ አንዱ አዲስ አበባ። በእንግሊዝኛዬ እየተንገዳገድሁ ስለ ሰኞ አስረዳሁ፦ እንዲህ አሰብን፣ እንዲህ ሞከርን፣ እናቶቹ ተመለሱልን። የአዲስ አበባው ዶክተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ አቋረጠኝ።

«ሲስተር፣ እኛ እኛ አይበሉ። እነሱ የሚፈልጉት መሪ ነው። እርስዎ ምን አደረጉ?»

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያች ዝም ያልሁባት ጊዜ ናት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሊያሳልፈኝ ፈልጎ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «እኔ» ግሱ ውስጥ ትሸሸግልኝ ነበር፤ አየሁ፣ ቀየርሁ ብዬ አልፈው ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ብቻዋን፣ በትልቁ ተጽፋ፣ ከፊት ትቆማለች። አንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነች ደግሞ ከአፍ ለማውጣት አትከብድም። አወጣኋት። እኔ አስተዋልሁ፣ እኔ ቀኑን ቀየርሁ፣ እኔ ከማኅበረሰቡ አንዲት ሴት አሠለጠንሁ። አሠለጠንሁ! ሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ እታለም «ምን ጠየቁሽ?» አለችኝ።

«ብቻሽን የሠራሽው ምንድን ነው አሉኝ።»

መንገድ ላይ ቆማ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። «ብቻዬን! እኔ እንኳን በሽታውንም ብቻዬን አላመጣሁት።» እንባዋን ጠርጋ ትንሽ ከሄደች በኋላ፣ «አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«የሰኞን ነገር ነገርኋቸው።»

«ደግ አደረግሽ።»

የማን ነው ብለሽ ነገርሻቸው አላለችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አለፍሁ። አዲስ አበባ ላይ የአመራር ሥልጠና ወሰድን፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት አሠልጣኙ ስለ ኤልዛቤት ግሌዘር የነገረንን ነው። አሜሪካዊቷ እናት እ.ኤ.አ. በ1981 ልጇን ስትወልድ በተሰጣት ደም ቫይረሱ ያዛት፤ ሳታውቅ ጡት አጠባች። ልጅቱ በ1988 ሞተች፤ እናትየው በዚያው ዓመት ከሁለት ወዳጆቿ ጋር ሆና የሕፃናት ኤድስን የሚዋጋ ድርጅት አቋቋመች። ሙያዋ መምህርነት ነበር። ከሁለት ወዳጆቿ ጋር የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ «እኛ» ማለት ነው እንግዲህ። የእኛ ቅጽ ደግሞ «በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ» ይጠይቃል። ይህቺ ሴት ብታመለክት ትወድቅ ነበር አልሁት አጠገቤ የተቀመጠውን የመቀሌ ልጅ። «አስተያየት መስጫው ላይ ጻፊው» አለኝ። አስተያየት መስጫው ላይ «ሁሉም ጥሩ ነበር» ብዬ ጻፍሁ።

ገንዘቡ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰብሁት ለእታለም በየሰኞው የሚከፈል ነገር ነበር። በበጀቱ ውስጥ ግን እንደ እሷ ላለ ሰው መስመር የለም። ለባለሙያ ውሎ አበል አለ፤ እሷ ባለሙያ አይደለችም። ለአማካሪ ክፍያ አለ፤ ዲግሪ ይጠይቃል። ለነዳጅ አለ፤ እታለም በእግሯ ነው የምትሄደው። መጨረሻ ላይ «መስተንግዶ» የሚል መስመር አገኘሁና እታለምን እዚያ አስገባኋት፤ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ፣ እሷም አብራ።

በዓመቱ ኦዲተር መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ከማን አንሼ የሚል ጥቁር ቦርሳ ይዟል። የመስተንግዶ ወረቀቶቹን ገልብጦ ገልብጦ፣ «የተስተናጋጆች ስም ዝርዝርና ፊርማ የት አለ?» አለ።

እታለም የራሷን ደብተር አመጣች። ስም የለበትም። የሽንብራዋ፣ ባለ አህያዋ፣ የበርበሬዋ፣ እያለ ይወርዳል፤ ከእያንዳንዷ አጠገብ የመጣችባቸው ሰኞዎች በጭረት ተመዝግበዋል።

«የሽንብራዋ ማን ናት?»

«ሽንብራ የምትሸጠው ናት።»

«ስሟን ነው የጠየቅሁ።»

«ልጄ፣ ቡና ትጠጣለህ?»

አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣ። መርቃ ሸኘችው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ» ብሎ ጻፈ፤ ገንዘቡ ከእኔ ደመወዝ በአራት ወር ተቆርጦ አለቀ። በቅርቡ የእታለምን ደብተር ሳገላብጥ ከበርበሬዋ በታች «ባለ ቦርሳው» የሚል አየሁ፤ አጠገቡ ሦስት ጭረት።