የቀረው የት ገባ?

የሽያጭ ኃላፊያችን ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ መጣ። ባዶ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ ከሥር የሚነድ ለውዝ። «ካሎሪ መለካት ማለት ይሄ ነው! ለናሙና አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬደናል?» አለ። ለዳቦ ቆሏችን አዲስ ማሸጊያ ልናሳትም ነበር። ጀርባው ላይ የሚጻፍ ቁጥር ጠፍቷል። ኮምቦልቻ ካለችው ከእኛ ማምረቻ ጥራት ቁጥጥር የሚባለው ክፍል ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

«ከምንጨምረው ነገር አስልቼ እሰጣችኋለሁ» አልኩ። ባለቤቱ ሐጂ ግን «እስቲ አቃጥዪውና እንየው» አሉ። ሐጂ ካሉ አሉ ነው።

የድልህ ቆርቆሮ አጥቤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በስሪንጅ ለክቼ ጨመርኩበት። ለውዟን መርፌ ላይ ሰክቼ ክብሪት ጫርኩ። እንደ ኩራዝ ነደደች። የተቃጠለው 0.6 ግራም፣ ውሃው የጨመረው 12 ዲግሪ። 1 ግራም ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 1 ካሎሪ ይፈልጋል። ስለዚህ 1,200 ካሎሪ፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ካሎሪ። በግራም 2 መሆኑ ነው። ለለውዝ የሚታወቀው ቁጥር ግን 5.7 ገደማ ነው።

ዳቦ ቆሎውማ ጭራሽ አልነድም አለ። ይጨሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና እለኩሰዋለሁ። በስንት መከራ በግራም 1 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ሰጠኝ።

«የቀረው የት ገባ?» አሉ ሐጂ።

«አየር ላይ ነው የባከነው፣ ሐጂ። ቆርቆሮውም ድርሻውን ወስዷል። ይሄ ከሥሩ የለጠፈው ጥላሸትም ሳይነድ የቀረ ነው።»

አላመኑኝም። ሌላ ለውዝ አስለኮሱኝና መዳፋቸውን በእሳቱ ጎን አስጠጉ። ትንሽ ቆዩ።

«ወላሂ እውነቷን ነው! ይኸው እኔን እያሞቀኝ አይደል? የእኔ እጅ የወሰደውን ውሃው ከየት ያመጣዋል?»

ቦምብ ካሎሪሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ምግቡ ኦክስጅን በተሞላ ዝግ ብረት ውስጥ ይነዳል፤ ሙቀቱን የከበበው ውሃ ይቀበላል። ለምን እንዲያ እንደሚዘጋ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩን በሐጂ መዳፍ የገባኝን ያህል አልገባኝም ነበር።

የሽያጭ ኃላፊያችን በዚህ ሁሉ መሀል ምን ይሠራ ነበር? ይጽፍ ነበር።

ማሸጊያው ታትሞ መጣ። «ኃይል፦ በ100 ግራም 100 ኪሎ ካሎሪ ብቻ!» ይላል። «ብቻ» በቀይ ነው። የእኔን ስሌት የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘሁት። በ100 ግራም ውስጥ ያለው በየግራሙ ኪሎ ካሎሪ ሲባዛ፦ ስታርችና ስኳር 70 ግራም በ4፣ ፕሮቲን 10 በ4፣ ቅባት 10 በ9። ድምሩ 410።

«ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል» አለኝ።

የእኛ ደንበኛ በአብዛኛው ወደ ሚሌ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳት ነው። አንዱ ረዳት ፓኬቱን አገላብጦ አየና «100 ብቻ? ይሄማ ባቲ ሳልደርስ ሊያስርበኝ ነው» ብሎ መለሰው።

ሐጂ አስጠሩ። ማንን? እኔን!

«አንቺ ልጅ፣ ያ ቆርቆሮሽ አዋረደኝ።»

«ሐጂ፣ መዳፍዎን ረሱት እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ።»

ለዚህ ምን ይመለሳል? እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ተለጣፊ ታተመና በየፓኬቱ ላይ 410 ስንለጥፍ ዋልን። የሽያጭ ኃላፊያችን የዚያን ዕለት ደሴ አስቸኳይ ስብሰባ ነበረው። ሐረጎን ሽቅብ ሲወጣ መቼም አየሩ ጥሩ ነው።

ከእንግዲህ አለቃ ፊት ምንም አላቃጥልም ብዬ ነበር። ግን ሐጂ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ያስወጡኛል። እጃቸውን ከእሳቱ አስጠግተው የባከነውን ሙቀት እሳቸው ራሳቸው ያስረዳሉ፤ እኔ ለኳሽ ነኝ። ገና ክብሪቱን ሳነሳ ግን ያስጠነቅቁኛል።

«ለውዙን ብቻ! የእኛን ዕቃ እንዳትነኪው።»