እንቅርት፣ ነርቭ እና ሦስተኛ ዲግሪ

«የሰው አካል ተጠንቶ ያለቀ አይደለም ወይ?» በአናቶሚ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ መሆኑን የሚሰማ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይጠይቀኛል። ባሕር ዳር ያሉ ጎረቤቶቻችን ደግሞ፣ እናቴ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» እያለች ስለምታወራ፣ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን እያሳዩ መድኃኒት እንዳዝላቸው ይለምኑኛል፤ መድኃኒት የማያዝ ዶክተር እንደምሆን ለማስረዳት ያደረግሁት ጥረት እስካሁን አልተሳካም። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል፤ መልሱንም ከጥናቴ ርእስ፣ ከአንገት፣ ብጀምር ይቀለኛል።

ድምፃችንን የሚያዝዘው ነርቭ ከጭንቅላት ወርዶ በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይገባም። በስተግራ እስከ ደረት ወርዶ በአኦርታ፣ ማለትም ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ቅስት ሥር ይዞራል፤ በስተቀኝ ወደ ክንድ በሚሄደው ደም ቅዳ ሥር ይዞራል፤ ከዚያም ሁለቱም ወደ ላይ ተመልሰው አንገት ፊት ለፊት ያለውን የታይሮይድ እጢ ከኋላ እየታከኩ ማንቁርት ይደርሳሉ። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን ከ1800 ዓመታት በፊት ይህን ነርቭ በሕይወት ባለ አሳማ ላይ ቆርጦ ጩኸቱ እንደሚቋረጥ በሰው ፊት አሳይቷል። ጋሌን የሰውን አካል ከእንስሳት አካል በመገመቱ፣ የአናቶሚ ሊቁ ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ስሕተቶቹን አርሞበታል፤ በዚህ ነርቭ ጉዳይ ግን አሮጌው ሐኪም ትክክል ነበር።

ነርቩ ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድበት ምክንያት የሚገኘው በፅንስ ዕድገት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብ አንገት አጠገብ ስለሚገኝ ነርቩ በደም ቅዳዎቹ ሥር አልፎ በአጭር መንገድ ይደርሳል፤ ልብ ወደ ደረት ሲወርድ ግን ደም ቅዳዎቹ ነርቩን ይዘውት ይወርዳሉ። ከመቶ ሰዎች በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ቁጥር ደግሞ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ በተለመደው ቦታ ሳይሆን ከአኦርታ ቅስት መጨረሻ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ታች የሚጎትተው ስለሌለ ነርቩ በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይገባል። የታይሮይድ እጢን ሲቀድ ይህን ያልጠበቀ ሐኪም የደም ሥር መስሎት ሊቆርጠው ይችላል። አንዱ ነርቭ ሲጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ከተጎዱ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የሚመላለስ ሰው እንቅርት ያለባቸው እናቶች ማየቱ አይቀርም። እንቅርት የታይሮይድ እጢ እብጠት ነው፤ እጢው አዮዲን ሲያንሰው ያብጣል። ዝናብ የደጋውን አፈር ለዘመናት ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ስለሚሄድ፣ በእህሉ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ለብዙ ዓመታት ያደገ ትልቅ እንቅርት በጨው አይመለስም፤ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ይሆናል። እንዲህ ያለው እንቅርት ደግሞ ነርቩን ከቦታው ይገፋዋል፣ ይለጥጠዋል። የምንማርባቸው መጻሕፍት ግን በአብዛኛው የሚያሳዩት ጤናማ እጢ ያለውን የሌላ አገር ሰው አንገት ነው። እኔ የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፤ በዚህ አካባቢ ሰዎች ዘንድ ነርቩ ከታችኛው የታይሮይድ ደም ቅዳ ፊት ያልፋል ወይስ ኋላ? ማንቁርት ከመድረሱ በፊትስ ስንት ቅርንጫፍ ያወጣል?

ለዚህ ሥራ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ አስከሬን ያስፈልጋል፤ አስከሬን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፍትሐት ተደርጎለት፣ እድርተኛው ቆሞለት ይቀበራል፤ ገላን ለትምህርት መናዘዝ ያልተለመደ በመሆኑ ተማሪዎች የሚማሩባቸው በአብዛኛው ቀባሪ ዘመድ ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። ፈቃዳቸውን ማንም ያልጠየቃቸው ድሆች የትምህርቱን ሸክም ብቻቸውን መሸከማቸው ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ዩኒቨርሲቲዎች ከካህናት፣ ከሼኾችና ከእድር ሰብሳቢዎች ጋር ተቀምጠው፣ ገላውን በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ትምህርቱ ሲያበቃ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት በክብር እንደሚቀበር በጽሑፍ ቃል ቢገቡ፣ ፈቃደኛ የሚሆኑ ሰዎች ይገኛሉ የሚል ግምት አለኝ።