የአባቴ ኮት ተገልብጦ፦ በኑሮ ውድነት መሃል እንዴት ዘነጥኩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከቱርክና ከቻይና የሚገባው ልብስ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ፣ ደሞዜ ግን ያው ነው። እኔ ደግሞ መልበስ እወዳለሁ፤ አምሮብኝ ሥራ የገባሁ ቀን ውሎዬ ይቀናኛል። መዘነጤን ከምተው፣ ለቡቲክ እከፍል የነበረውን ለልብስ ሰፊ መክፈል ጀመርኩ።

የሰፋኝን፣ የረዘመኝን፣ ኮሌታው የተበላውን ሁሉ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሰፈራችን በረንዳ ላይ በሲንጀር ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ወሰድኩላቸው። ሸሚዝ ቀድሞ የሚያረጀው ኮሌታው የሚታጠፍበት ላይ ነው። ጋሼ ኮሌታውን ከሥሩ ይፈቱና ገልብጠው ይሰፉታል፤ የተበላው ከታች ገብቶ ይቀራል፣ ሸሚዙም ገና ብዙ ይለበሳል።

የአባቴ የሱፍ ኮት ግን ለብቻው ነው። ውጩን ፀሐይ መትቶት ገርጥቷል። ጋሼ ገበሩን በጥቂቱ ፈትተው ጨርቁን ከውስጥ በኩል በጣታቸው አሹትና «ልጄ፣ ይሄማ ይገለበጣል» አሉኝ። በድሮ ጊዜ ኮት ማስገልበጥ የተለመደ ነበር። ስፌቱ በሙሉ ይፈታል፣ ውስጡ ውጭ ሆኖ እንደ አዲስ ይሰፋል። ሁለት ፊቱ የማይለያይ ጨርቅ መሆን አለበት እንጂ ሁሉም አይገለበጥም። ሲገለበጥ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የቁልፉ ቀዳዳም እንዲሁ። የወንዱ ኮት አቆላለፉ የሴት ሆኖ አረፈው! ትከሻውን አጠበቡልኝ፣ እጅጌውን አሳጠሩልኝ። የእጅ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ግን እንዲህ ያለ ሱፍ ዛሬ በምን ዋጋ ይገኛል? ያየኝ ሁሉ የት እንዳሰፋሁት ይጠይቀኛል፤ የአባቴ ነው ስል ደስ ይለኛል።

ሰልባጅ ስገዛም ከፋሽኑ በፊት ጨርቁን አያለሁ። ብብቱንና የሱሪውን መቀመጫ ወደ ብርሃን አነሳለሁ፤ የሳሳ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ነጋዴውን አስፈቅጄ ከስፌቱ ጫፍ ክር እመዝና በክብሪት አቃጥላለሁ፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር፣ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ እንደ ፍሬ ይጠጥራል። ልኬን ካጣሁ ትልቁን እወስዳለሁ። ትልቁ ይጠባል፤ ጠባቡን ለማስፋት ግን ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጥጥ ከሆነ አጥቤ ነው ለሰፊ የምሰጠው፣ ኋላ እንዳይሰበሰብብኝ።

የእናቴ ሀበሻ ቀሚስ ሸማው አልቆ ጥበቡ ደህና ነበር። ቀሚሱን የሚያስወድደው ጥበቡ ስለሆነ፣ እሱን ፈትቼ ከሽሮ ሜዳ ነጩን ሸማ ብቻ ገዛሁና አስተከልኩበት።

እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት ካሰባችሁ፣ ለፋሲካ የሚደርሰውን ዐቢይ ጾም እንደገባ ውሰዱ። ሆሳዕና ሲቃረብ የጋሼ በረንዳ በፌስታል ይሞላል፤ ኮት የሚያህል ሥራ ያኔ አይቀበሉም።