ልጆች ስለ ሀገራቸው ምን በቃላቸው ይያዙ? የክረምቱ ልምዴ

ክረምቱን ከልጆቼና ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለ ሀገርና ስለ ዜግነት የሚናገሩ ጽሑፎችን በቃል ስንይዝ ከረምን። ስድስት ናቸው። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ትንሹ ገና ሁለተኛ ነው። ትምህርት ቢከፈትም እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ መሰብሰባችንን አልተውንም። ልጆቹ የያዙትን ስሰማ ደስታዬ ልክ የለውም። እንደኔ ልጆች የምታስጠኑ ወላጆችና መምህራን ካላችሁ፣ ምን እንደመረጥን፣ ምን እንደተውን፣ የቱ ጋ እንደተቸገርን ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ልጅ በቃሉ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ዛሬ ነገሩ ሁሉ "ሽምደዳ" እየተባለ ይናቃል። ሳይገባው የሚሸመድድ ልጅ ያሳዝነኛል። በቃሉ ምንም ያልያዘ ልጅ ግን የባሰ ያሳዝነኛል። የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ፣ ቁርአን ቤት የሐፈዘ ሰው ያን ይዞ ያረጃል። ስለ ሀገሩስ ምን ይዞ ያረጃል? የኔ ጭንቀት ይሄ ነው።

ጅማሬውን ቶሎ ልለፈው። ብሔራዊ መዝሙሩን ሁሉም ከትምህርት ቤት ያውቁታል። አሥር ስንኝ ነው። ሰልፍ ላይ በዜማ ስለሚሉት ግን ቃሉን አያስተውሉትም፤ "ሰብዕናን ያልሻርን" የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ያጉተመትማሉ። ስለዚህ ያለ ዜማ፣ እንደ ንግግር እንዲሉት አደረግሁ። በሁለት እሑድ ተስተካከለ። በዚያው እናቴ የንጉሡን ዘመን መዝሙር፣ ታላቅ እህቴ የደርጉን አሰሟቸው። ልጆቹ "ለምን ተቀየረ?" ብለው ይዘውን ዋሉ። መንግሥት ሲቀየር ምን ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደማይቀየር ያን ቀን የተነጋገርነውን ያህል ከመጽሐፍ አንብበን አንነጋገርም ነበር።

የክልሎችን ስም ዝርዝር ግን ማስጠናት ተውኩ። ዝርዝር ያረጃል። ቤት ውስጥ ያለው የድሮ መጽሐፍ 9 ይላል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ክልል ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ ቀሪው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል 12 ደረሱ። እንዲህ ያለውን ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በጣት እያሳዩ መጠያየቅ ይሻላል። በቃል መያዝ ያለበት ቃሉ ራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ስለ ለምለም መስክና ስለ ጅረት ብቻ የሚያወሩ የሀገር ፍቅር ግጥሞችንም ተውኳቸው። ልጆች ቶሎ ይይዟቸዋል፣ ቶሎም ይረሷቸዋል። ጥያቄ አያስነሱማ! "ሀገሬ ውብ ነሽ" ካለ በኋላ ልጁ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ከዚያ ወደ ዓድዋ ገባን። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የከበደን።

የካቲት 23 ቀን 1888 የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ቀኑን ማወቅ ግን ዓድዋን ማወቅ አይደለም። እኔ የፈለግሁት ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ያስነገሩትን የክተት አዋጅ እንዲይዙ ነው። ይህን አዋጅ እወደዋለሁ። ሰው ለሰው የሚናገረው ንግግር ነው። "አንተ" ይላል። ይለምናል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይቀጥራል። "ያገሬ ሰው ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምከኝም" ይላል። ንጉሥ ሕዝቡን ለጦርነት ሲጠራ መጀመሪያ በደልና ቅሬታ አለመኖሩን ማንሳቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ትልቋ ልጅም ወዲያው ያዘችው። "በድሏቸው ቢሆን ኖሮ ይመጡ ነበር?" አለች። የዜግነት ትምህርት ማለት ለኔ ይህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ግን ቅጂው ነው። በየቦታው የሚገኘው አዋጅ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ "ለምሽትህ" ይላል፣ ሌላው "ለሚስትህ"። አንዱ "በሐዘንህ እርዳኝ"፣ ሌላው "በጸሎትህ እርዳኝ" ይላል። ሁለቱ ወንድማማቾች ቤታቸው ካለ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አጥንተው መጡና ከኛ ጋር ተጋጩ። ልጅ አንዴ የያዘውን ማስለቀቅ ከባድ ነው። መፍትሔው አንዱን ቅጂ መርጦ በደብተር በእጃቸው እንዲጽፉት ማድረግ ነው። እኔ የመረጥኩት "በሐዘንህ" የሚለውን ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ከልቡ አዝኖም ቢሆን ከሀገሩ ጋር ይቆማል ማለት ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው። የሌላው ቅጂ ልዩነትም መኖሩን ነገርኳቸው። ያለፈ ዘመን ቃል በአፍም በጽሑፍም ሲተላለፍ እንደሚለዋወጥ በልጅነት ማወቃቸው አይጎዳም።

ሁለተኛው ችግር እምነት ነው። አዋጁ እግዚአብሔርን ደጋግሞ ይጠራል፣ "ማርያምን" ብሎ ይምላል። ከስድስቱ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። ቃሉን አውጥቼ ላስጠናቸው? ወይስ እንዳለ? ብዙ አሰብኩበት። የታሪክን ቃል ከመሀል መቁረጥ አልወድም። ከፈለግህ አጭር ክፍል ምረጥ፤ የመረጥከውን ክፍል ግን እንዳለ ተወው። እናታቸውን ሄጄ አማከርኳቸው። "ንጉሡ በራሳቸው እምነት ነው የማሉት፤ ልጆቼ የሰውየውን ቃል ነው የሚሉት፣ እንዳለ ይማሩት" አሉኝ። እኔ ከጠበቅሁት በላይ ነገሩን አቀለሉልኝ። ሁሉም ወላጅ ግን እንደሳቸው ላያስብ ይችላል፤ ሳትጠይቁ አታስጠኑ። የማይመቸው ቤተሰብ ካለ "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" ከሚለው ጀምሮ ያለው ትንሽ ክፍል ብቻውን ይበቃል።

ሦስተኛው "የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" የሚለው መጨረሻው ነው። አንዱ ልጅ ቤተሰቦቹ ከሐረር ናቸው። "እኛስ አልተጠራንም?" ብሎ ኩርፍ አለ። ልቤን ነካኝ። ያን ዕለት ጥናቱን አቁመን ካርታው ፊት ቆምን። ከሐረር ራስ መኮንን፣ ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከወሎ ራስ ሚካኤል፣ ከትግራይ ራስ መንገሻ ዮሐንስና ራስ አሉላ፣ ከዋግ ዋግሹም ጓንጉል ዓድዋ ላይ መሰለፋቸውን በጣታችን መንገዱን እየተከተልን አየን። ወረኢሉ የሸዋው ጦር መሰብሰቢያ እንጂ የሁሉም አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ የመቀሌን ምሽግ ውኃ ማስያዛቸውንም እግረ መንገዳችንን አነሳን። ልጁ አሁን አዋጁን ከሁሉም አጥርቶ የሚለው እሱ ነው። ዓድዋን ለልጅ ስታስጠኑ የልጁ ወገን የት እንደነበር አብራችሁ አሳዩት። አለበለዚያ የሰው ታሪክ ነው የሚመስለው።

አሁን ስለ አጠናናችን። ከሁሉ የጠቀመን ነገር ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ስልክ ላይ ብዙ ነገር አለ፣ እኔ ግን በሰሌዳ እምላለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በትልቁ እጽፋለሁ። ሁሉም አንድ ጊዜ ያነባል። ከዚያ አንድ ልጅ ይነሳና ደስ ያለውን አንድ ቃል ያጠፋል። ቦታው ላይ የጠመኔ ጭጋግ ብቻ ይቀራል። ቀጣዩ ልጅ የጠፋውን ጨምሮ ሙሉውን ያነባል፣ እሱም አንድ ቃል ያጠፋል። "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" ላይ ትንሹ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያጠፋው "እርዳኝ"ን ነው፤ የማይረሳት ቃል እሷ ናትና። ትልልቆቹ ደግሞ እርስ በርስ ለማስቸገር ከመሀል ያጠፋሉ። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ባዶውን ሰሌዳ እያዩ ሙሉውን ይሉታል። ዓይናቸው ቃሉ የነበረበትን ቦታ እየተከተለ ሲሄድ ማየት በጣም ነው ደስ የሚለው።

ይህን ዘዴ ያየ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቁርአን ቤት ሉህ ላይ ይጽፉ እንደነበር አወሩን። የእንጨቱ ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጻፋል፣ ልጁ ሲይዘው ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ዘዴው ከኛ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው።

ሁለት ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። አንደኛው በኅብረት መጮህ ነው። ስድስት ልጅ አብሮ ሲል ሁለቱ የሚሉት ሁሉ ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው። የኔታም ተማሪያቸውን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀጽሉት፤ እኛም እንደዚያው። ሁለተኛው ስለ ሀገር ላጠና ልጅ ከረሜላና ሳንቲም መስጠት ነው። እንግዳ ሲመጣ "በል እስኪ አዋጁን በል" ብሎ ማስነሳትንም አልወድም። ዓይን አፋር ልጅ ያችን ቀን ያስባታል፣ ጽሑፉንም አብሮ ይጠላል። በዚህ ብዙ ወዳጆቼ አይስማሙኝም፤ መድረክ ልጅን ያጀግናል ይላሉ። ደፋሩን ልጅ አዎ። ሌላውንስ?

ከአዋጁ በኋላ ሕገ መንግሥት አመጣሁ። ብዙ ሰው ይገርመዋል። 106 አንቀጽ ያለው የሕግ ጽሑፍ ለልጅ? ሁሉን አይደለም፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአንቀጽ 25 "ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው" የሚለውን፣ ከአንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱ የሀገሪቱ የበላይ ሕግ መሆኑን የሚናገረውን፣ ከአንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማውን ቀለማት አቀማመጥ ያዙ። አንቀጽ 3 ለትንንሾቹ ምቹ ነው፤ ቀለሙን እየቀቡ ይይዙታል። ስለ ብሔሮች እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት የሚናገረውን አንቀጽ 39ን ለልጆች አላመጣሁትም። አዋቂው ራሱ ተከራክሮ ያልጨረሰውን ልጅ በቃሉ ይያዝ ማለት ይከብደኛል። ትልቋ ስትጠይቀኝ ግን አብረን አነበብነው።

ከሁሉ የሠራልን አንቀጽ 36 ነው፤ የሕፃናት መብት። ስምና ዜግነት ማግኘት፣ ወላጆቹን ማወቅና የእነሱን እንክብካቤ ማግኘት፣ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ሥራ መጠበቅ፣ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን። መጨረሻው ጋ ስንደርስ ሁለተኛ ክፍሉ ልጅ ሰሌዳውን ትቶ ዞር አለና "ታዲያ ቲቸራችን በማስመሪያ ለምን ይመቱናል?" አለኝ። ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ። እኔም ለእናቱ ነገርኩ፣ አብረን ሄደን መምህሩን አነጋገርናቸው። በትሕትና ነው ያነጋገርናቸው፤ ልጁ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የያዘው ቃል ከወረቀት ወጥቶ ሥራ ሲሠራ በዓይኑ አየ። ማስመሪያው ቀርቷል ወይ ብትሉኝ፣ እስካሁን ለሱ ቀርቷል። ለክፍል ጓደኞቹም እንዲቀር ከሌሎች ወላጆች ጋር እየተነጋገርን ነው።

ለዚህ ነው ምርጫዬ የጠበበው። ልጁ ሊጠይቅበት ወይም ሊጠቀምበት የማይችለውን አላስጠናም። ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር። ርዝመቱም ቢበዛ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነውን በየሳምንቱ እንከፋፍለዋለን።

አሁን ለትልቋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያደረጉትን ንግግር እያዘጋጀሁ ነው። ረጅም ነው፣ የመርዝ ጋዙን የሚናገረው ክፍልም ለትንንሾቹ ይከብዳል። አንድ አንቀጽ ብቻ እመርጣለሁ፤ የቱን እንደሆነ ከሷ ጋር እያነበብን ነው። ሌላው ሐሳባችን "ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው" የሚለውን እያንዳንዱ ልጅ በቤተሰቡ ቋንቋ ይዞ እንዲመጣ ነው። ኦሮምኛውና ትግርኛው ተገኝቷል። የሶማሊኛ፣ የአፋርኛና የሲዳምኛ ትክክለኛ ጽሑፍ ያላችሁ ብትልኩልን ለመጪው እሑድ ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን።