ያቺን ኬብል የናቅኩ ጊዜ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የቆየች ቶዮታቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ያላት ኦቶማቲክ ናት። ጠዋት ጠዋት ሞተሯ እየተንገጫገጨ ይጠፋል። ካርቡራቶሩን ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ጋስኬቱን ቀየርኩና መልሼ ገጠምኩት።

ካርቡራቶሩ ላይ ሁለት ኬብሎች ይያያዛሉ። አንዱ ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣው ነው። ሌላው ቀጠን ያለ ነው፤ ከሞተሩ ኋላ ወደ ታች ይወርድና ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ተጠንቅቄ አስተካከልኩ። ሁለተኛውን ሰካሁትና ዳዶዎቹን እንደነገሩ አጠበቅኩ። ላላ ማለቱን አይቻለሁ። "ይሄ የኪክዳውን ኬብል ነው" አልኩ በልቤ። "እሳቸው ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ኪክዳውን ምን ያደርግላቸዋል?"

ኪክዳውን ማለት ነዳጁን ጥግ ድረስ ሲረግጡት ካምቢዮው በራሱ ማርሽ የሚቀንስበት ነገር ነው። ሌላ መኪና ለመቅደም ወይም ዳገት ለመውጣት ድንገት ጉልበት ሲፈለግ ይጠቅማል። ይህን አውቅ ነበር። ስህተቴ ያ ኬብል ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም ብዬ ማሰቤ ነው።

መኪናዋን አውጥቼ ሞከርኳት። ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ማርሹ ሲቀየር ጭራሽ አይታወቅም። መምህርቷም በማግስቱ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ማርሹንም አለሰለስክልኝ እኮ! ተባረክ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። "ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም" አሉ።

የጋራዡን አለቃ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘና በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል። ጨርቁን አሸተተው፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። ያን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ ነው።

"ካርቡራቶሩን ማን ነው የነካው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ግባና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ያዝልኝ። ሞተሩን እንዳታስነሳ።"

ረግጬ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝና ቦታ ተቀያየርን፤ እሱ ፔዳሉን ያዘ፣ እኔ አየሁ። ቀጭኗ ኬብል ላይ እንደ ትንሽ ዶቃ ያለ የብረት ማቆሚያ ተጨምቆባታል። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ በዚያ ማቆሚያና በኬብሉ ሽፋን ጫፍ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ የገጠምኩት ግን ከዚህ ልክ በጣም የራቀ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ለጀማሪዎች ሳስረዳ ከዚህ ነው የምጀምረው።

የዚያ ዘመን ካምቢዮ ኮምፒውተር የለውም። መቼ ማርሽ እንደሚቀይር የሚያውቀው በዘይት ግፊት ነው። አንደኛው ግፊት የሚመጣው ከገቨርነሩ ነው። ገቨርነሩ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጋር ይሽከረከራል፤ መኪናው ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ግፊቱም ይጨምራል። ይሄ የፍጥነቱ ወሬ ነው። ሁለተኛው ግፊት የእግራችን ወሬ ነው፤ ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጥን ይናገራል። ሁለቱ ማርሽ የምትቀይረውን ትንሽ ቫልቭ ከወዲህና ከወዲያ ይገፏታል። የፍጥነቱ ግፊት የእግሩን ግፊትና አብሮት የሚገፋውን የሞላ ኃይል ሲያሸንፍ ማርሹ ይጨምራል። ለዚህ ነው ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉ ማርሹ ዘግይቶ የሚገባው፤ ለስለስ ሲያደርጉ ደግሞ ቶሎ የሚገባው።

ኪክዳውን የሚመጣው በመጨረሻው የፔዳል ጉዞ ላይ ነው። ኬብሉ ጥግ ድረስ ሲጎተት ተጨማሪ የዘይት መንገድ ይከፈታል። ያ ግፊት ቫልቯን ወደ ኋላ ይመልሳታል፤ ማርሹም ይወርዳል። ፍጥነቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን የገቨርነሩ ግፊት አይበገርም። የቱንም ያህል ቢረግጡ ማርሹ አይወርድም። ይሄ ሞተሩን ከመጠን ያለፈ ዙር እንዳይገባ ያድነዋል። አንዲት ኮምፒውተር ሳይኖር ይህን ሁሉ ዘይትና ሞላ ብቻ ማመዛዘናቸው አሁንም ይገርመኛል።

እኔን ያሳተኝ የማውቀው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ያነበብኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ስለወጣው የጄኔራል ሞተርስ ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350 ነበር። እዚያ ካምቢዮ ላይ ሞተሩ ምን ያህል እንደተጫነ የሚነግረው በሞተሩ ቫኪዩም (አየር በሚመጥበት ኃይል) የሚሠራ ሌላ ዕቃ ነው። ኬብሉ ለኪክዳውን ብቻ ነው። በ1964 የወጣው 400 ደግሞ ለኪክዳውን ኬብል እንኳ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ስዊች ነው። በእነሱ ላይ ያ ነገር ቢላላ ወይም ቢበጠስ የሚጠፋው ኪክዳውን ብቻ ነው።

የመምህርቷ ቶዮታ ግን እንደዚያ አይደለችም። በእሷ ላይ የእግሩን ወሬ የሚያደርሰው ያው ቀጭን ኬብል ነው። ካምቢዮው ደግሞ ወሬውን ለማርሽ ብቻ አይጠቀምበትም። ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ጉልበት የሚያስተላልፉት በዘይት ግፊት ተጨምቀው ነው። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ ይበረታል፤ ስለዚህ ሸራዎቹም በዚያው ልክ ጠበቅ ተደርገው መያዝ አለባቸው። ኬብሉ ሲላላ ካምቢዮው ነጂው ገና ፔዳሉን የነካ ይመስለዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲታገል እንኳ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። በ1982 የወጣው የጄኔራል ሞተርስ 700አር4 ካምቢዮም እንዲሁ ነው። ብዙ መካኒክ በእሱ ኬብል ምክንያት ደህና ካምቢዮ አቃጥሏል።

ለስላሳው ማርሽ ይሄ ነበር። እሳቸው የመረቁኝ፣ እኔም የተደሰትኩበት ልስላሴ ግፊት ያጣ ካምቢዮ ልስላሴ ነው። ሸራዎቹ ቀጥ ብለው መያዝ ሲገባቸው እየተንሸራተቱ ነበር የሚይዙት።

ጋሼ በዓይን ባየነው ብቻ አልረካም። የግፊት መለኪያ ካምቢዮው ላይ አሰረ። ነዳጅ ሲሰጥ ቀስቱ መነሳት ሲገባው ባለበት ቆመ። ኬብሉን አስተካክሎ እንደገና ሲሞክር ተነሳ። ግን ዘግይተን ነበር። ካምቢዮው ወርዶ ሲከፈት ሸራዎቹ ከስለዋል፤ በመካከላቸው ያሉት የብረት ሳህኖች ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል።

ለመምህርቷ መንገር የኔ ፋንታ ሆነ። ጋሼ "ወጪው የጋራዡ ነው፣ አፉ ግን ያንተ ነው" አለኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኬብሉን ላላ ብሎ አይቼው እንደተውኩት ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ለሰለሰ ስልህ ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም ነበር እናቴ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።"

"እንግዲያው አሁን በደንብ አድርገህ ሥራው" አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ካምቢዮውን ከጋሼ ጋር አብሬ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ካርቡራቶር የነካሁበትን አሮጌ ኦቶማቲክ ሁሉ ሳላስረክብ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሰው ፔዳሉን ጥግ ድረስ ይረግጥልኛል፤ እኔ ኬብሉን አያለሁ። ፔዳሉ በእርግጥ ጥግ መድረሱንም አያለሁ፤ ድርብ የእግር ምንጣፍ ከሥሩ ተሸብልሎ ኪክዳውን የከለከላቸው መኪኖች ብዙ ገጥመውኛል። በተለይ እንደ ድሮዎቹ መርሴዲሶች ስዊቹ ከፔዳሉ ሥር ያለባቸው መኪኖች ላይ ምንጣፉን ሳላነሳ ሌላ ነገር አልነካም። ሁለተኛ መንገድ ላይ አወጣዋለሁ፤ ባዶ ቦታ ሳገኝ ጥግ ድረስ እረግጣለሁ። ማርሹ ካልወረደ መኪናው ከእጄ አይወጣም። ያኔ አንዴ ብረግጣት ኖሮ ኬብሉ በዚያው ቅጽበት ይነግረኝ ነበር። መምህርቷ ረግጠውት አያውቁም፤ እኔም እንደሳቸው ለስለስ አድርጌ ነድቼ ነው ያስረከብኩት።

የመኪናዋ ሥራ ያለቀ ቀን እሳቸውን አጠገቤ አስቀምጬ ሞከርናት። ማርሹ አሁን ሲቀየር በትንሹ ይሰማል፤ ጥርት ያለ፣ ቆራጥ። ሰፊ ባዶ መንገድ ላይ ስንደርስ ቦታ ተቀያየርን። "አሁን እስከ መጨረሻው ይርገጡት" አልኳቸው። ፈሩ። ገፋ አድርገው ተዉት። "እስከ መጨረሻው" አልኩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን ነበር። ረገጡት። ማርሹ ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ወደፊት ተወረወረች። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አጥብቀው ይዘው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ "ይሄ ነገር ድሮም ነበራት?" አሉኝ።

"ነበራት እናቴ" አልኳቸው።