የተንጋደደው መሪ

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላው የመኪናዬ መሪ ነው። የአሮጌዋ ኮሮላዬ መሪ ቆዳው እየተላጠ እጄን ማጥቆር ከጀመረ ሰንብቷል፤ አነስ ያለ አዲስ መሪ ከነማያያዣው ገዝቼ ደሴ ወዳለ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ።

ሽማግሌው መካኒክ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀሉ። ኤርባግ የላትም ብላቸው «ልማድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ዳዶውን አላልተው፣ ሙሉ በሙሉ ሳያወጡት፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይነቀንቁት ጀመር።

«ጋሼ፣ ዳዶውን ለምን አያወጡትም?»

«መሪው ተፈናጥሮ ጥርስህን እንዲያራግፈው ነው ልጄ?»

እኔ ብሆን አውጥቼው ነበር።

ተገጠመ፤ ክላክሱም ጮኸ። ደስ ብሎኝ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ነዳሁ። ጥምዝምዙ ላይ ምንም አልታወቀኝም። ቀጥ ያለ መንገድ ስይዝ ግን መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ መሪው እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ ቀኝ ዘምሟል! መሪው የሚሰካበት ጥርሳም ዘንግ ላይ ምልክት ሳናደርግ ነቅለን በአንድ ጥርስ ስተናል።

ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። «አብሽር» አሉኝ፤ በጠመኔ ምልክት አድርገው ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስተካከሉት። «በወሬ ያጣደፍከኝ አንተ ነህ» ማለታቸው ግን አልቀረም። እውነታቸውን ነው።

አሁን ቀጥ ብሏል። ከድሮው ስለሚያንስ ግን መኪና ሳቆም ክንዴን ይፈትነዋል።