የእምቦጭ ጥናት ዳታችንን እንዴት ኦንላይን እንዳወጣነው

«ዳታሽን ላኪልኝ» የሚለኝ የማስተርስ ተማሪ ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ጥናቱ በአጭሩ ይሄ ነው፣ እምቦጭ ጣና ላይ በ2011 በፈረንጆቹ ከታየ ወዲህ የማስወገዱ ስራ ቀበሌ ላይ እንዴት እንደሚወሰን፣ ለዘመቻ ማን እንደሚጠራ፣ ያልወጣ ሰው ምን እንደሚደረግ፣ ማሽን መጣ ከተባለም በኋላ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የሚነቅለው ለምን እንደሆነ። ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ በኮቦ (ስልክ ላይ መጠይቅ የሚሞላበት አፕ ነው) መጠይቅ አስሞላን፣ ከአሳ አስጋሪዎችና ከቀበሌ ሰዎች ጋር ደግሞ ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ ቀዳን፣ ከዛ ባህር ዳር ተመልሰን ስንጽፍ ከረምን።

ለምን ማጋራት አስፈለገ ለምትሉ፣ እኛ ጋ ሰው ዲፌንድ ያደርግና ዳታው ፍላሽ ላይ ይቀራል፣ ፍላሹን ቫይረስ ይበላዋል፣ በዓመቱ ሌላ ተማሪ እዛው ቀበሌ ሄዶ እዛው ገበሬ ቤት ቁጭ ብሎ ያንኑ ይጠይቃል። «ባለፈውም መጥታችሁ ጽፋችሁ ሄዳችሁ፣ ምን አመጣችሁልን?» ያልተባለ ዳታ ሰብሳቢ ካለ እሱ ጣና ዳር አልሄደም። ውጪ ያሉት ጆርናሎች ደግሞ ጠንክረዋል፣ አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ሳይንስ ከ2015 ጀምሮ ዳታውና የትንተናው ኮድ ሃርቫርድ ዳታቨርስ (የጥናት ዳታ የሚቀመጥበት የኦንላይን ማከማቻ) ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ሳይሆን ውጤቱ በርግጥ ይወጣል ወይ ብሎ ኮዱን በሌላ ሰው ማስሮጥ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ስራው የሚጀምረው ግን ፊልድ ከመውጣት በፊት ነው። ሁላችንም ከሲኒየር የምንወስደው የፈቃድ ፎርም ላይ «የሚሰጡት መልስ ለዚህ ጥናት ብቻ ይውላል» የምትል መስመር አለች፣ እሷን አንብባችሁ ካስፈረማችሁ በቃ፣ በኋላ ዳታውን ለማንም መስጠት አትችሉም። አማካሪያችን ቀድሞ ስላየው ፈቃዱን ለሁለት ከፈልነው፣ አንዱ ለመጠየቅ አንዱ ለማጋራት። ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል «ስምዎን አውጥተን መልስዎን ሌላ አገር ያለ ተማሪም ሊያየው ይችላል፣ ይፈቅዳሉ?» ነበር የምንለው። አንድ አባት «ስሜ ከሌለበት እኔን ካላወቀኝ ምን ሊረባው ነው» ብለው ስቀው ፈቀዱ። የመጀመሪያውን ፈቅደው ሁለተኛውን እምቢ ያሉም አሉ፣ እነሱ ኦንላይን ባለው ፋይል ውስጥ የሉም፣ ለዛ ነው ቁጥሩ ከጽሁፋችን ጋር የማይገጥመው፣ ይሄንንም ሪድሚው ላይ (ከዳታው ጋር አብሮ ያለው የማብራሪያ ፋይል) ጽፈነዋል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደፈጀብን ልምጣ። ስም፣ ስልክና ጂፒኤስ ማውጣት የደቂቃዎች ስራ ነው (ኮቦ የተሞላበትን ሰዓትና የመሙያውን ስልክ መለያም ለብቻ ኮለም አድርጎ ሊያወጣ ስለሚችል እሱንም እዩት)። ግን ሀይቁ ዳር ያለ ቀበሌ ውስጥ ሰው ያለስሙም ይታወቃል። ከዳታ ሰብሳቢዎቻችን አንዱ የአካባቢው ልጅ ነው፣ ሚስጥር ለመጠበቅ የፈረመ፣ እሱ ራሱ ያልጠየቃቸውን ሰዎች ፋይል ከፍተን «እስኪ የምታውቀው ካለ» አልነው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ እየጎተተ ሄደ ሄደና አንድ ረድፍ ላይ ቆመ። ሴት፣ 52፣ ባሏ የሞተባት፣ አረቄ የምትሸጥ፣ ባለሞተር ጀልባ ያላት (ዝርዝሩን እዚህ ቀይሬዋለሁ)። «ይቺማ እገሊት ናት፣ ባለሞተር ያላት ሴት እዛ ዳር ሌላ ማን አለ» አለ። ይቺው ሴትዮ ጥቂት ኮለም አለፍ ብሎ ዘመቻ ያልወጣ ሰው ምን ይደረጋል ለሚለው የሰጠችው መልስ የቀበሌ አመራሩን በቀጥታ የሚነካ ነው።

ከዛ ቀን በኋላ ፋይሉን እንደ ጎረቤት ነበር የምናነበው። እድሜን በአስር ዓመት ክልል አደረግነው፣ ባለሞተሩንም ታንኳውንም «ጀልባ አለው» ብለን አንድ ላይ ጨፈለቅነው፣ ሊቀመንበር፣ ስራ አስኪያጅ፣ የአንድ ለአምስት ተጠሪ የሚሉትን ሁሉ «አመራር» አልን፣ ቀበሌዎቹን ጠጋ ጠጋ ያሉትን አዋህደን ኮድ ሰጠናቸው። እንደዛም ሆኖ ፆታ፣ የእድሜ ክልል፣ መተዳደሪያና የቀበሌ ኮዳቸው አንድ የሆኑ ሰዎች ከአምስት ካነሱ እንደገና እናሰፋለን። የማህበረሰብ ማንነት የሚለውን ኮለም ግን ጭራሽ አወጣነው፣ ጣና ዳር የሚኖረው የወይጦ ማህበረሰብ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግለሰቡ ባይታወቅ እንኳ የአንዱ መልስ ሰፈሩ ላይ ሁሉ ነው የሚለጠፈው። ለፖሊሲ ጥናት ትልቅ ነገር ማጣት ነው፣ ገምጋሚም ጠይቆናል፣ ቢሆንም አልመለስነውም። ሌላው ደግሞ ስትጠይቁ ምንም ያልነበረ መልስ ፖለቲካው ሲቀየር ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል፣ በክልላችን ይሄን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። አሁንማ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቡት።

ዓመተ ምህረቱም ጉድ ነው። «እምቦጭን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?» ስንል ሰው 2004 ይላል፣ የውጪ ሰው ይሄን በራሱ አቆጣጠር ካነበበው አረሙ በይፋ ከመታየቱ ሰባት ዓመት በፊት ሊሆን ነው። የተባለውን እንዳለ ትተን ጎን ላይ የፈረንጁን 2011/12 ብለን ጨመርን፣ ወሩ ካልታወቀ ሰባት ይደመር ስምንት ስለማይታወቅ። መሬትም በአካባቢው መለኪያ በቃዳና በጥማድ የተነገረው እንዳለ አለ፣ ሄክታሩ ለብቻ ነው። ደምቢያና ደንቢያ ተብሎ የተሞላውን ማስተካከል፣ ሲኤስቪውን (የሰንጠረዡን ፋይል) የአማርኛ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ (አለዚያ ፊደሉ ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚከፈተው)፣ የአማርኛውን መጠይቅ ሳይነኩ አብሮ መጫን፣ ይሄ ሁሉ አሰልቺ ነው ግን ይሰራል።

ያስቀመጥነው ሃርቫርድ ዳታቨርስ ላይ ነው፣ ነጻ ነው፣ ዲኦአይ (የማይቀየር መለያ ሊንክ) ይሰጣል፣ ሳይቴሽን ይቆጠርላችኋል። ፐብሊሽ ከማለታችሁ በፊት ግን ለሌላ ሰው አሳዩት፣ ምክንያቱም አንዴ ከወጣ በኋላ እንደ ፌስቡክ ፖስት ዲሊት ማድረግ የለም፣ ከእይታ ታነሱት እንደሆነ እንጂ መዝገቡ ይቀራል፣ ያወረደውም አውርዷል። የመጠይቁ ዳታ ክፍት ነው። ቃለ መጠይቁ ግን ተቆልፏል፣ ሰው ሲያወራ «አማቼ የቀበሌው ጸሀፊ ሆኖ ሳለ» ዓይነት ነገር በየመሀሉ ስለሚገባ እሱን ሁሉ አጥርቶ ማውጣት አይቻልም፣ ካወጣችሁትም የሚነበብ ነገር አይቀርም። ድምፁን ጭራሽ አልጫንንም። ቃለ መጠይቅ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ሲራኪውስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኳሊታቲቭ ዳታ ሪፖዚተሪም እዩት፣ እንዲህ ላለው ነገር የተሰራ ነው።

ስለዚህ መጠይቁን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ሳትገቡ አውርዱ። የተቆለፈውን የምትፈልጉ እዛው ላይ ጥያቄ ስታስገቡ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደሆነ፣ ፋይሉን የት እንደምታስቀምጡና ሌላ ማን እንደሚያየው ጻፉ፣ «ለቴሲስ» ብቻ ብሎ የሚልከውን መልሰን ስንጠይቅ ነው ጊዜው የሚያልቀው።